እትዬ ዘነበች ወንበር ያገኙበት ትርጉም

ሐኪም ማዘዝ አይከብደውም። «በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር ይሂዱ» ብሎ ይጽፋል፤ የት እንደሚኬድ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። እኛ ሰፈር፣ ካይሮ ዳር ባለው ቡላቅ አል-ዳክሩር፣ በእግር መሄድ ስፖርት ሳይሆን ጀብዱ ነው። የእግረኛውን መንገድ ግማሹን የካፌ ወንበር፣ ግማሹን የቆመ መኪና ይዞታል፤ የተረፈው የባጃጅ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች የደም ግፊት አለባቸው። ሸይኽ ዛይድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ቤት ዋሉ። የሐኪሙን ትእዛዝ ሊፈጽሙ በወጡ በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ገጭቷቸው ሁለት ሳምንት ተኙ። ለጤና ብሎ መታመም ማለት ይኸው አይደል?

ታዲያ አምና የሰፈሩን ፕላን የሚያወጡ መሐንዲሶች ነዋሪውን ሰበሰቡ። ፕላኑ ጤናችንንም እንዲያስብ ስለተፈለገ፣ የጎደለንን እንድንናገር ጠየቁን። እኔም የእትዬ ዘነበች አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። ዓረብኛዬ ከታክሲ ነጂ ጋር ለመከራከር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ተሞክሮ አያውቅም።

እትዬ ዘነበች ተነሡ። «ያሰባችሁት ክሊኒክ ይሠራ፣ ደግ ነው። ግን እዚያ ሳንደርስ ነው የምንገጨው። መንገዱን ለእግረኛ ልቀቁልን። ለደከምነው ሴቶችም በየመሀሉ አግዳሚ ወንበር ይኑረን» አሉ። በካይሮ ኑሯቸው ምን ይፈልጋሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሁሉንም በደህና ተረጎምኩ። አግዳሚ ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። ስለዚህ «የሰፈሩ ሴቶች በመሀላችሁ ኩርሲ ይፈልጋሉ» አልኩ። ኩርሲ ወንበር ነው፤ ምን አጠፋሁ? የስብሰባው መሪ፣ አንዲት ወጣት መሐንዲስ፣ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ለካ ዓረቡም እንደኛው ነው፤ ወንበር ሲባል ሥልጣን ይታየዋል። እትዬ ዘነበች በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሰፈር ኮሚቴ አባል ሆኑ። ላርም ብል ማን ሊሰማኝ? ኸላስ፣ አለቀ፣ ተጨብጭቧል።

ወደ ቤት ስንመለስ ጥፋቴን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሥራውን ግን የምር ያዙት። ባለካፌውን በየቀኑ እየሄዱ ሲጨቀጭቁት ወንበሮቹን ወደ ውስጥ አስገባ። መሐንዲሷን ክንዷን ይዘው ባጃጅ እስከገጫቸው ቦታ ድረስ በእግር ወሰዷት፤ መንገድ ላይ ከባጃጅ ሁለቴ ዘላ አመለጠች፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገም። ዘንድሮ የእግረኛው መንገድ ተነጥፏል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ አራት አግዳሚም ቆሟል። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲንሸራሸር ላየው፣ በትርጉሜ እኮራለሁ።

ባለፈው ሳምንት በኮሚቴው ስብሰባ ልተረጉምላቸው ሸሚዜን ተኩሼ በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ ዘነበች ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «ማሌሽ፣ ምንም አይደል ልጄ፣ ኮሚቴው ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አግኝቶልኛል» አሉኝ።