ጌዲዮን ሲያስረዳ

(በአርባ ምንጭ ዳርቻ፣ የአንድ የመንግሥት የሙያ ኮሌጅ በር ላይ። ሰኞ ጠዋት ነው። ጌዲዮን በኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን የገበሬ የውሃ ፓምፕ ሁሉ ይጠግናል፤ ከፓምፕ ውጭ ያለውንም ሁሉ አውቃለሁ ይላል። ጓደኛው ኦይታ ሙዝ አልሚ ነው። «ማስታወቂያ አንብብልኝ» ብሎ ጎትቶ አምጥቶታል። ሰሌዳው ፊት ቆመው ይከራከራሉ።)

ኦይታ፦ እኔ የማየው አንድ ፎቅ ነው። ደረጃውም አንድ ነው። አራተኛውን ደረጃ የት ደበቁት?

ጌዲዮን፦ በእግር የሚወጣ ደረጃ አይደለም አልኩህ! የትምህርት ደረጃ ነው። ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

ኦይታ፦ አምስትስ?

ጌዲዮን፦ አምስትም አለ።

ኦይታ፦ አየህ! አምስተኛው ላይ የሚማር ሰው ጉልበቱን ቢያመውስ?

ጌዲዮን፦ (ወደ ሰማይ አንጋጦ) አምላኬ፣ ይህን ሰው ለሙዝ ብቻ ነው የፈጠርከው?

ኦይታ፦ ቆይ፣ አትቆጣ። «የውሃ ፓምፕ ጥገና» የሚለው የቱ ጋ ነው?

(ጌዲዮን ደንገጥ አለ። ዛሬ ኦይታ ፓምፕ መጠገን ከተማረ ነገ ጎረቤቱ ይማራል። ከነገ ወዲያ እሱን ማን ይጠራዋል? ጉሮሮውን ጠረገ።)

ጌዲዮን፦ እሱን ተወው። ላንተ አይሆንም።

ኦይታ፦ ለምን?

ጌዲዮን፦ የትብብር ሥልጠና አለው።

ኦይታ፦ ትብብር ጥሩ አይደል እንዴ?

ጌዲዮን፦ ስሙ ነው ጥሩ! ትንሽ እዚህ ያስተምሩህና ወደ ሰው ጋራዥ ይሰዱሃል። እዚያ ዘይት የጠጣ ብረት ስታጥብ ትውላለህ።

ኦይታ፦ አሁንስ ጭቃ ውስጥ አይደል የምውለው? ዘይትማ ሹመት ነው።

ጌዲዮን፦ ይህንንም እይ። «የምክር አገልግሎት» ይላል።

ኦይታ፦ ይመክራሉ ማለት ነው?

ጌዲዮን፦ ምክር! አርፍደህ ስትመጣ ቢሮ አስገብተው የሚወርዱብህን ነው ምክር የሚሉት።

ኦይታ፦ ይህንማ ሚስቴ ሻሺቱ በየቀኑ ትሰጠኛለች። እስኪ የእነሱን ልስማው፤ ምናልባት አጠር ይል ይሆናል።

ጌዲዮን፦ እሺ፣ ሁሉንም ቻልከው እንበል። መጨረሻ ላይ ሲኦሲ ይጠብቅሃል!

ኦይታ፦ እሱ ደግሞ ማነው?

ጌዲዮን፦ ሰው አይደለም፣ ፈተና ነው! የብቃት ምዘና። መዛኙ ፊትህ ይቆምና...

ኦይታ፦ ሚዛን ይዞ?

ጌዲዮን፦ የምን ሚዛን?

ኦይታ፦ እንደ ሙዝ ነጋዴዎቹ ከሆነ ብዬ ነዋ። እኔ ሚዛኑን አስቀድሜ ሳላይ አልወጣበትም።

ጌዲዮን፦ ሙያህን ነው የሚመዝነው! ፓምፑን ፍታና መልሰህ ግጠም ይልሃል። አንዲት ብሎን ከተረፈችህ ወደቅክ!

ኦይታ፦ ባለፈው የእኛን ስትገጥም ሦስት ተርፈውህ አልነበር?

ጌዲዮን፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እነዚያ ትርፍ ናቸው። ፋብሪካው አብዝቶ ነው የሚልካቸው።

ኦይታ፦ ለካስ! ፓምፗም ውሃውን ወደ ወንዙ እየመለሰች ያስቸገረችን፣ ትርፍ ነገር ስለማትወድ ነው።

(ጌዲዮን ሰውዬው እየቀለደ ይሁን አይሁን ለማወቅ ፊቱን አየ። የኦይታ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ቶሎ ብሎ ወሬ ቀየረ።)

ጌዲዮን፦ ይልቅ ለሙዝ ሰው የሚሆን ይኸውልህ። «የሙዝ ቲሹ ካልቸር»።

ኦይታ፦ ምን ማለት ነው?

(ጌዲዮን ቃሉን ገና ዛሬ ማየቱ ነው። ግን «አላውቅም» የሚባል ነገር ከተወለደ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።)

ጌዲዮን፦ ይህ ቀላል ነው። ቲሹ ማለት ሶፍት ነው። ካልቸር ደግሞ ባህል። ከሙዝ ቅጠል ባህላዊ ሶፍት ይሠራሉ።

ኦይታ፦ (አፉን በእጁ ይዞ) ከሙዝ ቅጠል! ለሠርግ?

ጌዲዮን፦ ለሠርግም፣ ለሆቴልም። ቱሪስት ነፍሱ ነው።

ኦይታ፦ እኔ ደግሞ በሽታ የሌለበት የሙዝ ችግኝ ጠርሙስ ውስጥ የሚያበዙበት መስሎኝ።

ጌዲዮን፦ (እየሳቀ) ሙዝ በጠርሙስ! ኦይታ፣ በናትህ ሰው ፊት እንዲህ እንዳትል፤ አብረን ነው የመጣነው። በል፣ በቃ፣ እንሂድ።

ኦይታ፦ ቆይ ቆይ! ይቺን ብቻ። «በልምድ ለሚሠሩ ባለሙያዎች» ይላል።

ጌዲዮን፦ አንተ ማንበብ ትችላለህ እንዴ?

ኦይታ፦ ፊደሉን ነው እንጂ ትርጉሙን መቼ ቻልኩ? አስረዳኝ።

ጌዲዮን፦ (ደረቱን ነፍቶ) እነዚህ ሳይማሩ በግምት የሚነካኩ ናቸው። የሰውን ንብረት የሚያበላሹት እነሱ ናቸው! እኔ ብሆን አንድ በአንድ አንገታቸውን ይዤ እዚህ በር ውስጥ ነበር የማስገባቸው።

(በሩ ተከፈተ። የፓምፕ ጥገና አሠልጣኟ መምህርት ሃና የስም ዝርዝር ይዛ ወጣች።)

ሃና፦ ጋሽ ኦይታ፣ ይቅርታ፣ አስጠበቅሁዎት። አመጡልን?

ኦይታ፦ አመጣሁ። ይኸው።

ጌዲዮን፦ (ወደ ኋላው ዞሮ አይቶ) ምኑን?

ሃና፦ አቶ ጌዲዮን እርስዎ ነዎት? እንኳን ደህና መጡ። የሙዝ አልሚዎች ማህበር ስምዎን ያስመዘገበው ባለፈው ሳምንት ነው። ሥልጠናው ዛሬ ይጀመራል። በልምድ ለሚሠሩ ነጻ ነው።

ጌዲዮን፦ እኔን? ኦይታ! ይህ ምንድን ነው?

ኦይታ፦ ሐሙስ ተሰብስበን ነበር። ሰዉ «ጌዲዮንን እንተወውና ከምዕራብ ዓባያ ሌላ ሰው እናምጣ» አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። «እጁ ጥሩ ነው፣ የጎደለው ያሳየው ሰው ነው» አልኳቸው። ሙዙ እየደረቀ ነው፣ ወንድሜ።

(ጌዲዮን መንገዱን አየ። ለመጨረሻ ጊዜ ደብተር የያዘው ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ሊሄድም አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ግን ኦይታ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ብቻውን ሲከራከር ታየውና እግሩን መልሶ አሳረፈ።)

ጌዲዮን፦ መምህርት... ብወድቅስ?

ሃና፦ ተለማምደው እንደገና ይፈተናሉ። እዚህ በመጀመሪያ የምናስተምረው «አላውቅም» ማለትን ነው።

ጌዲዮን፦ (ወደ ኦይታ ዞሮ) አንተ ግን፣ ይህን ሁሉ ሳስረዳህ ይገባህ ነበር?

ኦይታ፦ በደንብ።

ጌዲዮን፦ ታዲያ ለምን አደከምከኝ?

ኦይታ፦ መምህርት «እስክደርስ በሩ ላይ አቆይልኝ» አለችኝ። አንተን ደግሞ ቁም ቢሉህ ትሄዳለህ። አስረዳኝ ካሉህ ግን በጥማድ በሬም ብትጎተት ከቦታህ አትነቃነቅም።