ለደሴቱ የሚሆን ወር

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የጉዞ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚሟሟቅ፣ መሄጃው ሲደርስ ግን ከሁሉ ኋላ የሚቀር። ሻንጣ አጥቶ አይደለም። ወቅቱ ስላልሆነ ነው። በእኛ ቤት ይህን ወንበር የያዙት አጎቴ ናቸው፤ በሙያቸው ፀጉር አስተካካይ፣ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የወቅቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

አጎቴ ባለቤታቸውን፣ ማለትም አክስቴን፣ ወደ አንድ የሞቃት ባሕር ደሴት ሊወስዷቸው ቃል የገቡት እኔ ጢም ሳላበቅል ነው። ዛሬ ያንኑ ጢም የሚላጩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሽበትም ጣል ጣል አድርጎበታል። ደሴቱን ስለማያውቁት እንዳይመስላችሁ። ነፋሱ መቼ ከየት እንደሚነሳ፣ ባሕሩ መቼ እንደሚደፈርስ፣ ማንጎው መቼ እንደሚበስል ጠይቋቸው፤ እዚያው ተወልደው ያደጉ ይመስል ይተነትኑላችኋል።

አክስቴ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ትዕግሥት የሥራቸው ግማሽ ነው።

"በደረቁ ወራት እንሂድ" ይላሉ።

"ዓለም ሁሉ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ባሕር ልታዪ ሄደሽ የሰው ጀርባ አይተሽ ልትመለሺ?"

"እሺ፣ ሰው ሲቀንስ።"

"ለምን የቀነሰ ይመስልሻል? ነፋሱን ሸሽቶ ነዋ።"

"ከነፋሱ በኋላስ?"

"ሙቀት።"

"ከሙቀቱ በኋላ?"

"ዝናብ። እሱንስ አታንሺብኝ።"

በዝናቡና በደረቁ ወራት መካከል፣ እንደ ክቡርነታቸው ጥናት፣ አንዲት ክፍተት አለች። ሰማዩ የጠራ፣ ሰዉ ያልመጣ፣ ነፋሱ ገና ያልነቃ። የሚጠበቀው እሷ ናት። ችግሩ ክፍተቷ ተንኮለኛ መሆኗ ነው፤ አጎቴ መድረሷን አጣርተው እስኪጨርሱ ድረስ ሁልጊዜ ታልፋለች።

እሳቸው ባይሄዱም ደንበኞቻቸው ይሄዳሉ። አንድ የአውቶብስ ሹፌር ለሠርጉ ሊስተካከል መጥቶ፣ ምላጭ አንገቱ ላይ እያለ ስለ ደሴቱ ሙሉ ትምህርት ተሰጠው። በተነገረው ሳምንት ሙሽሪትን ይዞ ሄደ፤ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጥርሱ አልከደን ብሎ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው። እርስዎ መቼ ነበር የሄዱት?"

አጎቴ ከብሩሹ ላይ ፀጉር እፍ አሉ። "እኔ ከዚያ የተሻለውን እየጠበቅኩ ነው።"

ነገሩ የተለወጠው በአክስቴ ጉልበት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው ጉልበታቸው አለቀ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደማይቀር፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ መንገድ እንደማይታሰብ ነገራቸው። አክስቴ ከሐኪሙ ወጥተው ቤት አልገቡም፤ ቀጥ ብለው ወደ ትኬት ቢሮ ሄዱ። ያን ምሽት እኔም እራት ላይ ነበርኩ።

"የፊታችን ሰኞ ደሴቱ እንሄዳለን" አሉ።

"በዝናቡ መሃል?" አጎቴ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። "ትንሽ ብንታገስ እኮ ክፍተቷ..."

"ጉልበቴ ወቅት አይጠብቅልኝም። ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ።" ሐኪሙ ያለውንም ነገሯቸው።

አጎቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እሳቸውን የወር ስም አፋቸው ላይ ሳይኖር ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሕመሙ እዚህ መድረሱን አላወቁም ነበር። ጊዜ ያለ መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤታቸው በር ላይ "ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

የቀረውን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ደሴቱ ላይ፣ አጎቴ እንደተነበዩት፣ ሰማዩ ተቀዶ ጠበቃቸው። አጎቴ መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ለኖረችው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የገዛ አገሯን ዝናብ ያስረዷት ጀመር። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ አዳምጣ ስትጨርስ ተጨማሪ ፎጣ አመጣችላቸው።

አክስቴ ግን መስኮት ሊያዩ አልሄዱም። በዚያው ዝናብ ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተክለው ባሕር ገቡ። ውሃው ሙቅ ነበር። ደረታቸው ድረስ ሲደርስ የሰውነታቸው ክብደት ከጉልበታቸው ላይ ተነሳላቸው፤ ስንት ዘመን ረስተውት የነበረውን እርምጃ እንደ ልጃገረድ ተራመዱት። ብቻቸውን ይስቁ ጀመር።

ዘወር ሲሉ አጎቴ ከኋላቸው ናቸው። ዋና አይችሉም፤ ከነሸሚዛቸው ገብተው፣ ከማረፊያው የተዋሱትን ጃንጥላ አክስቴ ራስ ላይ ዘርግተው ቆመዋል።

"ባሕር ውስጥ ቆሜ እንዳልረጥብ ነው?"

"ከላይ የሚመጣው ይቀዘቅዛል" አሉ አጎቴ።

እንደዚያው ብዙ ቆዩ። "ቀደም ብለን መምጣት ነበረብን" አሉ አጎቴ በመጨረሻ።

"በየትኛው ወር?"

አጎቴ አሰቡ። "በየትኛውም።"

ይህ ትሕትና የጉዞውን ያህል ብቻ ቆየ። ተመልሰው ፀጉር ቤቱን እንደከፈቱ አዲስ ትምህርት ታወጀ፦ ለደሴት የሚሆነው ዝናቡ ነው፤ በደረቁ የሚሄድ ሰው ያሳዝናል። ያ ምስኪን ሹፌርም ለፀጉሩ በመጣ ቁጥር ጫጉላውን በተሳሳተ ወር እንዳሳለፈ ይነገረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ልስተካከል ሄጄ ነበር። የአክስቴ ቀዶ ሕክምና በደህና አልፎ፣ ፀጉር ቤቱ በር አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አጎቴ ዝም ብለው ፀጉሬን ይቆርጣሉ። ዝምታቸው አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ወደ ተራራ አካባቢ ለመሄድ አስቤያለሁ" አልኩ።

አላሰብኩም። እኔ ደረጃ መውጣት እንኳ የሚከብደኝ ሰው ነኝ። አጎቴ ግን ማሽኑን አጠፉ፤ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው በራ።

"ተራራ" አሉ፣ ረጋ ብለው። "ተራራ ጥንቃቄ ይፈልጋል።"

አክስቴ ከበሩ በኩል "አለቀልህ" አሉኝ።

እኔም ግማሽ ፀጉሬ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ።