አባ ዚያድ በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ ዕለት

ቤት ዘግቶ ለወራት የሚጠፋ ሰው ይገርመኛል። ባዶ ቤት እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰው ይጠራል። በተለይ በደርግ ጊዜ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት በጭሮ፣ የኪራይ ክፍል እንደ ጨረቃ ከሩቅ በሚታይበት ዘመን።

ወዳጄ አባ ዚያድ ቡና ሊያስለቅሙ ገለምሶ ሄዱ። የጭሮውን ቤት ቆልፈው ቁልፉን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ቁልፉ ገለምሶ ሲከርም ፈለቀ በጓሮ በር ገባ።

ፈለቀ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ከነሚስቱ ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት ዝናብ ያዘውና ሊጠለል ገባ። ዝናቡ ያባራው ግን ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ፣ ጓሮው ጎመን ተክሎ፣ ጎመኑንም በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። አባ ዚያድ ሲመለሱ የገዛ ውሻቸው ጮኸባቸው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ልጃቸው ፋጡማ ታጭታለች፣ ሠርጉ ደርሷል፣ ቤቱም ለሙሽሮቹ የታሰበ ነው። ለቀበሌ ለምን አይናገሩም? ገለምሶ አንድ፣ እዚህ አንድ ቤት ያለው ሰው በዚያ ዘመን ቀበሌ በራሱ እግር አይሄድም። ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ቢወረስ ሙሽራዋም ፈለቀም እኩል ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔን አስከተሉ። ያኔ ቁመቴ ከስልክ እንጨት ብዙ አያንስም ነበር። እዚህ ሳስነጥስ ሂርና ከተማ ያለ ሰው "የርሐሙከላህ" ይለኛል። "ጣሃ፣ አንተ አፍጥጥ ብቻ፤ ንግግሩ የኔ ነው" አሉኝ።

የተሳሳትነው ሰዓቱን ነው። በእኛ አገር ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ቤት የሚሄድ ጫት ሊቅም እንጂ ሊጣላ አይሄድም። ፈለቀ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ጫቱን ውሃ ረጭቶ ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ አለና አባ ዚያድን ከላይ፣ በራሳቸው ትራስ ላይ አስደገፋቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ለጋውን ቅጠል በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"እርስዎ እያሉ ማን ዱአ ያደርጋል? ይመርቁን እንጂ።"

የሐረርጌ ሽማግሌ፣ ጫት በእጁ ይዞ፣ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ እየጠበቀው፣ እምቢ ሊል ነው? ዱአ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ መንገዱን ራሱ ያውቃል። አላህ ይህን ቤት ያሙቀው አሉ። አሚን አልን። የዚህን ቤት ሰው ከተቀመጠበት አያንሳው አሉ። ምን እንዳሉ የገባቸው ይሄኔ ነው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ ግን ልማድ ይዞኝ ከሁሉም በላይ አሚን አልኩ። ሂርናም ሳይሰማ አልቀረም።

አበቃ። የገዛ ዱአውን በእጁ የሚያፈርስ ሽማግሌን ከእንግዲህ ማን ያስመርቀዋል? ቅመን፣ አመስግነን ወጣን። መንገድ ላይ ፈለቀን ትተው እኔን ተቆጡ።

"አፍጥጥ አልኩህ እንጂ አሚን በል አልኩህ?"

በሳምንቱ ግን ዘዴ መጣላቸው። በዚያው ሰዓት፣ ጫታቸውን ራሳቸው ይዘው፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ። ማንም ሳይለምናቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። አላህ ለፈለቀ የራሱን ቤት ይስጠው፣ ከሠርጉ በፊት ይስጠው አሉ። ፈለቀ አሚን አለ፤ ሚስቱማ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔም ያለፈውን ልክስ ብዬ ጣሪያው እስኪነሳ አሚን አልኩ።

አባ ዚያድ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጣሃ፣ ልጆችህ ድሬዳዋ ከሄዱ ወዲህ የጓሮ ክፍልህ ባዶ አይደል?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቀበሌ ሳይሰማ ሰው ቢገባበት ይሻላል።"

ምን ልበል? አሚን ብያለሁ።

ፋጡማ በቤቷ ተዳረች። ፈለቀ ለጊዜው ተብሎ እኔ ግቢ ገባ፣ ጎመን ተከለ። ውሻዬም ይጮህብኝ ጀመር። ላስወጣው ቆርጬ በሄድኩ ቁጥር ቅጠሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ጋሽ ጣሃ፣ እርስዎ እያሉ ማን ዱአ ያደርጋል?" ይለኛል። እኔ እንደ አባ ዚያድ ሞኝ አይደለሁም፤ ስመርቅ ስለ ቤት አንዲት ቃል አይወጣኝም። አንድ ቀን እንዲያውም ተጠንቅቄ፣ "ልጅ ይስጣችሁ" ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

መንታ ወለዱ። ከገበያ ስመለስ ፈለቀ የእኔን ሳሎን በስንዝር ሲለካ አገኘሁት።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጓሮ ክፍሉ ነው። ትንሽ ትጠባለች እንጂ ዝናብ አታስገባም።