ሜዳ ውጡ የሚለው ሳይንስ

ከሬዲዮ የሰማው ሁሉ በአፉ ሳይንስ የሚሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛን ገጥሞናል። ጋሽ ሰይድ ካርቱም ውስጥ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የአንድ ሀብታም ቪላ ዘበኛ ነው። ሪያድ በሚባለው ሌላው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት የምንሠራ የወሎ ልጆች አርብ አርብ በጋራ በተከራየናት ክፍል ስንሰበሰብ ይመጣና ያስተምረናል።

አንድ አርብ፣ «እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ፀሐይን ጋርዶ ዓለምን ያቀዘቅዛል» አለን። በካርቱም ሙቀት የምንቀቀለው ሴቶች እጃችንን ዘርግተን «ያ ረብ፣ አንዱን አፈንዳልን!» አልን። እሳት ፈንድቶ ብርድ ያምጣልን ብሎ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ምን ያህል ቢመረው ነው?

አላህ ግን የላከልን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። በሳምንቱ እዚያው ተቀምጠን ጣሪያው ተንጓጓ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ።

«ያላ፣ ወደ ሜዳ! ሳይንሱ ሜዳ ውጡ ነው የሚለው!» ጋሽ ሰይድ ጫማውን ትቶ ቀደመንና በሩን በረገደው።

ሜዳው ላይ የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ፣ የሌለውን ሐበሻ የሚያፍሱት ፖሊሶች ከመኪናቸው ወርደው፣ እነሱም ፈርተው፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ።

ጋሽ ሰይድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ቀረቀረው። ሁላችንም ከሚወዛወዘው ጣሪያ ሥር ተመልሰን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ሳይንሱስ?» አልኩት።

«ሳይንሱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኢቃማ ላለው ነው።»