ድንጋዩን ማን ይሸከም

ትክክል መሆን ሰው ይጎዳል ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። እኔም አላምንም ነበር። ወገዳ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ለትክክሉ ራይት፣ ለተሳሳተው ኤክስ፣ አለቀ።

የአክስቴ ልጆች፣ ታላቁ ሞላና ታናሹ ደሴ፣ በመሬት ተኳርፈው ነበር። አባታቸው ሲያካፍላቸው የሞላን ድርሻ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት አድርጎ ነው የሰጠው፤ በአንድ በኩል የድንጋይ እርከን፣ በሌላው በኩል ከደሴ ጋር የሚያዋስነው ድንበር። ሞላ ታዲያ፣ ደሴ ታችኛው ጫፍ ላይ ድንበሩን እየገፋ መሬቴን አጠበበው ይላል። ደሴ አልገፋሁም ይላል። አክስቴ ደግሞ አልጋ ይዛለች። ሳልሞት ታርቀው ልያቸው፣ ሌላ አልፈልግም ትላለች።

ሽማግሌዎች ጨረሱት። ደሴ ድንጋይ ተሸክሞ ሞላ እግር ላይ ሊወድቅ ተስማማ። የኛን አገር ዕርቅ ታውቁት የለ፤ አጥፊው ድንጋይ በጫንቃው ይዞ ካልቀረበ ዕርቅ አይባልም። ካልገፋ ለምን ተስማማ? ለእናቱ ሲል።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ እኔ ገባሁበት። ሳያጠፋ እንዴት ይሸከማል ብዬ ተብከነከንኩ። የዕርቁ ዕለት ጧት የክፍሉን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር ይዤ ማሳው ወረድኩ። ቀጥ ያለች የእግር መንገድ እርከኑንም ድንበሩንም ሰያፍ ታቋርጣቸዋለች። ለሰባተኛ ክፍል የማስተምረው ነው፤ ሁለት መስመሮችን ሦስተኛ ሲያቋርጣቸው፣ በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ከሆኑ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው። ገመድ ወጥሬ ለካሁ። እዚያም ስልሳ ሁለት ዲግሪ፣ እዚህም ስልሳ ሁለት። መሬቱ የትም አልጠበበም። ዕርቁ ቦታ ደርሼ ለሽማግሌዎቹ ሳስረዳ አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ደሴ የተሸከመውን ድንጋይ አወረደው። ንጹሕ ከሆንኩማ ምን አሸከመኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ሞላን፣ «በሐሰት የከሰስክ አንተ ነህ፣ ተራው ያንተ ነው» ቢሉት፣ ታላቅ ለታናሹ አይሸከምም ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቄሱ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ማን አጠፋ ብለን መቼ ጠየቅንህ? እኛን የጨነቀን ማን ይሸከም የሚለው ነበር» አሉኝ። ፕሮትራክተሩን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

አክስቴ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ያን ጊዜ ሁለቱም ሊሸከሙ መጡ። ሞላ በአንዱ የቃሬዛ እንጨት፣ ደሴ በሌላው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይተያዩ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ዓይኔ ሳልፈልገው ሁለቱን እንጨቶች ወደሚያያይዘው አግዳሚ ይሄዳል። በዚህም በዚያም ማዕዘኑ እኩል ነው፤ ትይዩ ናቸው። ራይት።