ሊቀ ሞራ

ሰው የሚጥለውን ሁሉ «ተዉት፣ ይጠቅማል» ብሎ የሚሰበስብ ተከራይ የሌለበት ግቢ የለም። አለ የሚል ካለ አድራሻውን ይንገረኝ፤ ደክሞኛል፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ።

የእኛ ግቢ ድርሻ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ማዕረጋቸው ሊቀ ሞራ ነው፤ የሰጠናቸው እኛው ነን። ክቡርነታቸው በየማለዳው ሁለት ባልዲ አንጠልጥለው ሥጋ ቤቶችን ይዞራሉ፤ ሊጣል የነበረውን ሞራ ሰብስበው ይመለሳሉ። ጓሮ ወስደው በግማሽ በርሜል ያቀልጡታል፣ በአሮጌ መጋረጃ ያጣሩታል፣ ከዚያ ሜታኖል የሚባል አልኮልና ኮስቲክ ሶዳ ጨምረው ያማስሉታል። ዝቃጩ ከታች ሲቀር ከላይ የሚንሳፈፈው የመኪና ነዳጅ ነው። ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው ገመድ ላይ የዋለ ሸሚዜ ሥጋ ቤት ውሎ የመጣ መምሰሉን ነው።

የመጀመሪያውን ሲሠሩ ቸኩለው፣ ሞራው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይተን ቀላቀሉት። በማግስቱ በርሜሉ ሙሉ ሳሙና ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ጥሩ ሳሙና ነበር፤ ግቢው ሦስት ወር ልብስ አጠበበት። ጥግ ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ የሚያነጣ አላየሁም» ባለቻቸው ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብለው ወደ ጓሮ ይመለሳሉ።

ባለፈው ወር የአከራያችን የእትዬ ትዕግሥት አለቀ። ተከራዩን ሁሉ ሰብስበው ፈረዱ።

«እሁድ ጠዋት የዚህ ሰውዬ መኪና በእርስዎ ሞራ ከተነሳ፣ ተነሳ። ካልተነሳ በርሜሉ ከግቢዬ ይወጣል።»

ይህ ሰውዬ እኔ ነኝ። የቤት ዕቃ የማመላልስበት አሮጌ ፒክአፕ ስላለኝ ማንም ሳይጠይቀኝ የሳይንስ ሰው ሆንኩ። ሽታው ሊቀርልኝ ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሊቀ ሞራ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከዚያ በርሜል ሌላ የሚነሱለት ነገር የላቸውም። ያንን አውቃለሁ፤ አለማወቅ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ የመኪናዬን የነዳጅ ታንከር ሙልጭ አድርገው አራግፈው፣ ማር የመሰለ ነዳጅ በጀሪካን ሰጡኝ። እሁድ ማለዳ ስነሳ ብርዱ ለጉድ ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው እንደ ቅቤ ረግቷል። ግቢው ሳይነቃ ጀሪካኑን ከወንበሩ ሥር ደበቅኩና ታንከሩ ውስጥ የገበያ ናፍጣ ጨመርኩ።

ሁሉም ወጥቶ ቆመ። ቁልፉን ሳዞር መኪናው ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። ሊቀ ሞራ ግን ወደ ጭስ ማውጫው ሄደው ጎንበስ አሉና አሸተቱ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ የተጠበሰ ሥጋ ነው የሚሸተው። ይሄ ናፍጣ ነው።»

አከራያችን እኔን አዩኝ፣ እሳቸውን አዩ። «እንግዲያውስ በርሜሉ ይውጣ» አሉ። ሊቀ ሞራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ መንገድ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ጠዋት አሉ እንጂ በብርድ አላሉም። ፀሐይ ትውጣ።»

ጀሪካኑን አውጥቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት። ግማሽ ቀን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፤ ወደ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀልጦ ጠራ። ሊቀ ሞራ በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኙት። መኪናው አሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተነሳ። ጭሱ ግቢውን ሲሞላው የሁላችንም ሆድ ጮኸ።

አከራያችን ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ይቆይ» አሉና ገቡ።

ማታ ላይ ሊቀ ሞራ ቤቴ በር ላይ መጥተው «ለምን ዋሸህ?» አሉኝ። እወድዎታለሁ ማለት ከበደኝና «ደክሞኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

አሁን ጠዋት በናፍጣ፣ ከሰዓት በኋላ በሞራ እሠራለሁ። ትናንት ዕቃ አድርሼ ስመለስ አንድ ሥጋ ቆራጭ ሙሉ ሳህን ሞራ ሊደፋ ሲል አየሁና ፍሬን ያዝኩ።

«ተወው» አልኩት በመስኮት፤ «ይጠቅማል።» የሊቀ ሞራ ባልዲ ከኋላ ተጭኖ ነበር።