አብሮ የማይዞረው ነጥብ

ላቦራቶሪ በተባለ ቤት ሁሉ፣ ከማይክሮስኮፑ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ የመጣ የሚመስል ሰው አይጠፋም። ሥራው ማየት ነው፤ ትርፍ ሥራው ሌላው እንደማያይ ማስረዳት።

የዚህኛው ላቦራቶሪ አዛውንት በሌሉበት «ክቡር ሌንስ» ይባላሉ። ግድግዳው እርጥበት በበላው፣ አንድ መስኮት ባለው ክፍል ሠላሳ ዓመት አጎንብሰው ጀርባቸው የማይክሮስኮፑን አንገት ቅርጽ ይዟል። አጠገባቸው የምትሠራው ባለሙያ «አጉልቼ አየሁት» ካለች አለቀላት።

«ማጉላትና አጥርቶ ማየት አንድ ነው ያለሽ ማነው? ብዥታ ቢጎላ ትልቅ ብዥታ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«'የለም' ብለሽ ደግሞ እንዳትጽፊ። 'አልታየም' በይ። የለም ለማለት አንቺ ማን ነሽ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሰማች። ምላሳቸውን በሁለት የመስታወት ስላይድ መሐል ብታሽገው በወደደች ነበር።

ከሁሉ የሚኮሩት ግን በነጥቡ ትምህርት ነው። ጥቁር ነጥብ ከታየሽ ስላይዱን ግፊው፤ አብሮ ከሄደ ጉዱ ከስላይዱ ነው። የዓይን ሌንሱን አዙሪው፤ አብሮ ከዞረ ጉዱ ከሌንሱ ነው። «ሰው ከመውቀስሽ በፊት አዙሪ።»

ዘንድሮ ክቡርነታቸው ሌንስ ሲወለውሉ መዋል አመጡ። የመሣሪያ ጠጋኙ ሁለቴ ተጠርቶ «ንጹሕ ነው» ቢላቸው፣ አላዋቂ ብለው አባረሩት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ በአንዲት ሕፃን የደም ምርመራ ላይ «የወባ ተሕዋስ አልታየም» ብለው ፈረሙ። ባለሙያዋ ወረቀቱ ሳይወጣ ስላይዱን ደግማ አየችው። ተሕዋሱ ግጥም ብሏል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ተቀመጡ። ስላይዱን ገፉ። የዓይን ሌንሱን አዞሩ። ተነሥተው በእሷ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጡ፤ እዚያም ገፉ፣ አዞሩ። ብዙ ቆዩ።

«ነጥቡ አብሮ አይዞርም» አሉ በመጨረሻ። «ጉዱ ከእኔው ዓይን ነው።»

ፊርማቸውን ራሳቸው ሰረዙ። «ታይቷል ብለሽ ጻፊ። ቶሎ በይ፣ ልጅቷ መድኃኒቷን ትጀምር።» ጋዋናቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። የማንንም አነጋገር ሳያርሙ የወጡበት ቀን ያ ብቻ ነው።

አሁን በወንበራቸው የምትቀመጠው እሷ ናት። በዓይን ሌንሱ ቀለበት ላይ፣ ለእሳቸው ዓይን የሚስማማውን ልክ የሚያሳይ ቀይ ምልክት አለ። ጠዋት ለራሷ ዓይን ታዞረዋለች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ወደ ቀዩ ትመልሰዋለች።

ጠጋኙ ይህን አይቶ ሳቀ። «ምን ያደክምሻል? ሰውየው እንደሆነ አይመለሱም።»

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«አይመለሱም ለማለት አንተ ማን ነህ?»